የቀሚሱ ጀርባ

ሌባ ጨርቅ አያጥፍም። ኢንስፔክተር ሽብሩ በአሥራ አንድ ዓመት የምርመራ ሥራው ዲላ ውስጥ ስንት የተገለባበጠ ቤት አይቷል። ሰኞ ጠዋት የገባበት የእትዬ ቆንጅት ልብስ ስፌት ቤት ግን ለእንግዳ የተሰናዳ ነበር የሚመስለው። በሩ አልተሰበረም፤ ቁልፉ አልተነካካም፤ የመስኮቱ ብረት እንዳለ ነው። የጠፋው አንድ ዕቃ ብቻ ነው፣ የስፌትና የጥልፍ መኪናው። መኪናው ይሸፈንበት የነበረው ነጭ ጨርቅ አራት ቦታ ታጥፎ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተቀምጧል።

ይህ መኪና ተራ ዕቃ እንዳይመስላችሁ። እትዬ ቆንጅት ከስምንት ወር በፊት አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ያገለገለ መኪና ገዝተው መጡ፤ ንድፉን በሆዱ ይዞ በራሱ የሚጠልፍ ዘመነኛ መኪና። ከዚያ ወዲህ በመንገዱ ያለፈ ሁሉ ስለ መኪናው ሳይሰማ አላለፈም። ሠላሳ አራት ዓመት ሰፍተው ስማቸውን የገነቡ ሴትዮ ናቸው፤ መኩራት ቢያበዙም ያምርባቸዋል። «ዕቃ በዓይን ይገዛል፤ የኔ ዓይን ደግሞ ተሳስቶ አያውቅም» ይሉ ነበር።

ቃላቸውን ሲሰጡ አንገታቸውን ቀና አድርገው ነው። ቅዳሜ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በመኪናው ሲሠሩ ውለው፣ የሙሽራዋን የፍሬን ቀሚስ ጨርሰው፣ ሸፍነውትና ቆልፈው ሄዱ። እሁድን ቤተ ክርስቲያንና ቤታቸው አሳለፉ። ዛሬ ሲመጡ የለም። የሱቁ ቁልፍ ሁለት ነው፤ አንዱ በእሳቸው፣ ሌላው አራት ዓመት አብራቸው በሠራችው ልጅ በማርቲ እጅ።

«ግን እሷን አትጠርጥራት» አሉት። «ማርቲ ሌባ አይደለችም።»

ለምን እርግጠኛ እንደሆኑ ሲጠይቃቸው መልሱን ትተው ቀሚሱን ከመስቀያው አወረዱለት። ሐሙስ ለፍሬ ጥሎሽ የሚቀርብ ነጭ ቀሚስ ነው። ደረቱና ዘርፉ ላይ በእንሰት ቅጠል መሐል ሦስት ሦስት ሆኖ የተሰደረ የቡና ፍሬ ተጠልፏል። ንድፉን ራሳቸው ነድፈው በመኪናው ያስቀመጡት እትዬ ቆንጅት ናቸው፤ ሌላ ሰው ዘንድ የለም። ካሳዩት በኋላ ገልበጥ አድርገው አጣጠፉት። ውስጡም እንደ ላዩ ቀይና ወርቃማ ነበር። ሽብሩ አየ፤ አይቶም አለፈ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባል የለ፣ ለፖሊስም ይሠራል።

የወንድማቸው ልጅ ሙሌ ከዲላ ሐዋሳ ሚኒባስ የሚነዳ ሳቂታ ጎረምሳ ነው። ወንበር አቀረበላቸው፣ ውኃ ገዝቶ አመጣላቸው፣ ሽብሩንም እስከ ደጅ ሸኘው። ከቅዳሜ ጠዋት እስከ እሁድ አመሻሽ ይርጋ ጨፌ ሰርግ አጅቦ እንደነበር ነገረው፤ በኋላ ሲጣራም እውነት ሆኖ ተገኘ። እግረ መንገዱንም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«አክስቴ ደግ ስለሆነች ነው። ከእሷ ሌላ ቁልፍ ያላት ማርቲ ብቻ ናት» አለው።

ጎን ያለው የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የሀዲጃ ነው። ሀዲጃ ሰው ለማማት አትቸኩልም፤ ያየችውን ግን አትደብቅም። እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማርቲ ሱቁን ከፍታ ገብታ፣ ትልቅ ሻንጣ ይዛ ወጥታለች። ከበዳት ወይ ብሎ ሲጠይቃት፣ በሁለት እጇ አቅፋው ነበር፣ ልጅ የታቀፈች ነው የምትመስለው አለችው። ይህን ስትናገር ሦስት ገበያተኞች ቆመው ይሰሙ ነበር። እስከ ምሳ ሰዓት ዲላ በሙሉ ሌባዋን አወቀ።

ማርቲ ከቡሌ ከተማ የመጣች ልጅ ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ጣቢያ ስትቀርብ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሱቁ እንደገባች አመነች፤ ሻንጣ ይዛ እንደወጣችም አመነች። በሻንጣው ምን ነበር ሲላት ዝም አለች።

ሽብሩ ወደ ጌዴኦኛ ዞረ። እሱም የዚያው አገር ልጅ ስለሆነ፣ በእናት ቋንቋ ሰው ልቡን ይከፍታል ብሎ ነው። ዝም ካለች ረቡዕ ፍርድ ቤት እንደምትቀርብ፣ ሌባ የተባለች ልጅ ደግሞ ነፃ ብትወጣ እንኳ ጨርቁን አምኖ የሚሰጣት ሰው እንደማይኖር አስረዳት። ልብስ ሰፊ የሚኖረው በእምነት ነው። ስሟ ከጠፋ እጇም አብሮ ጠፋ ማለት ነው።

ማርቲ አንገቷን ደፍታ ሰማችው። ከዚያ በአማርኛ መለሰች።

«የሻንጣው ነገር የኔ ምስጢር አይደለም። የኔ ቢሆን እነግርህ ነበር።»

እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ስታሳርፍ የግራ ሌባ ጣቷ ጫፍ በፕላስተር ተጠቅልሎ አየ። ምን ነካሽ ቢላት፣ ሥራ ነው አለችው። ከባድ ዕቃ ስትሸከም የተላጠ መሰለውና መዝገቡ ላይ ጻፈው። ቢሆንም ልቡ አላረፈም። የታጠፈው ጨርቅ ዓይኑ ላይ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሲሞን ሄደ። ሲሞን የዲላን የስፌት መኪና በሙሉ በስሙ የሚያውቅ ጠጋኝ ነው፤ ያ የእትዬ ቆንጅት መኪና ዓመት አይደፍንም እያለ ሲያወራ የሰሙ ብዙ ናቸው። ቂም ያለው ሰው ምን አያደርግም? ሽብሩ ተስፋ አድርጎ ነበር፤ ተስፋው ግን ብዙ አልቆየም። ሲሞን ከዓርብ ጀምሮ ቡሌ ትምህርት ቤት ስምንት መኪና ሲጠግን ከርሞ፣ ዝናብ መንገዱን ስለቆረጠው ግማሹን በእግሩ ወርዶ የገባው ገና ሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ርዕሰ መምህሩ በስልክ መሰከሩለት፤ ጫማውም ራሱ ምስክር ነበር።

«እኔ የሰደብኩት መኪናውን አይደለም» አለ ሲሞን፣ ጭቃውን በእንጨት እየፋቀ። «አገዛዛቸውን ነው። ያገለገለ መኪና ሳትሞክረው አይገዛም። ጨርቅ አስገብተህ፣ አስጠልፈህ፣ ገልብጠህ ታያለህ። እትዬ ቆንጅት ሻጩ ልሞክርልዎት ሲላቸው፣ እኔ ማን ሆኜ ነው የምሞክረው ብለው ጭነው መጡ። ራሳቸው ናቸው በኩራት የነገሩኝ። ተበላሸ ቢሉኝ በነፃ በጠገንኩላቸው ነበር፤ ግን ተበላሸ አይሉም።»

ሽብሩ ማስታወሻውን ዘጋ። አንዱ ተጠርጣሪ ነፃ ወጣ፤ የቀረችው ማርቲ ብቻ ናት። ይህም አላስደሰተውም።

ማክሰኞ ምሳውን ሊበላ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ትጊ በፔዳል መኪና የተማሪ ደንብ ልብስ የምትሰፋ ሴት ናት። የጥልፍ መኪና ከተመኘች ሰባት ዓመት ሆኗታል፤ ሰሞኑን ደግሞ አንድ ያገለገለ መኪና ተገኝቶላት ልግዛው አልግዛው እያለች እንቅልፍ አጥታለች። ሽብሩ ምክር በተጠየቀ ቁጥር መልሱ አንድ ነበር፤ ርካሽ ከሆነ ግዢው፣ ናሙናውን ነገ አየዋለሁ። ነገ ነገን እየወለደ ሦስት ቀን አለፈ።

ዛሬ ትጊ ጎመኑን ካቀረበች በኋላ መዳፍ የሚያህል ነጭ ጨርቅ ሳህኑ አጠገብ አስቀመጠች።

«ዛሬ ሳታየው አትነሳም» አለችው። «ፍስሐ ገነት ከተማ ያለው ደላላ ነው ያመጣልኝ። ዋጋው ከገበያው ግማሽ አይሞላም፤ እኔን ያስፈራኝም እሱ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

ሽብሩ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። ጨርቁ ላይ በእንሰት ቅጠል መሐል ሦስት ሦስት ሆኖ የተሰደረ የቡና ፍሬ ተጠልፏል።

መቼ እንደሰጣት ጠየቃት። ቅዳሜ፣ ከምሳ በፊት። ከቅዳሜ ጀምሮ እየው እያልኩህ አይደል አለችው፤ እውነቷን ነው። እትዬ ቆንጅት ዲላ ላይ እየሠራሁበት ነበር ባሉበት ሰዓት መኪናው ፍስሐ ገነት ነበር። የከተማው መርማሪ ሁለት ቀን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ፣ ማስረጃው የራሱ ሚስት ቦርሳ ውስጥ ተቀምጧል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኼ ነው።

«ሥራው መጥፎ አይደለም» አለች ትጊ፣ ምን እንደደረሰበት ሳታውቅ፤ ጨርቁንም ገለበጠችው። «የማየው ጀርባውን ነው። የመኪና ጥልፍ ከሥር በነጭ ክር ነው የሚያዘው፤ ይኸው። ነጩ ሳይዝረከረክ፣ ወደ ላይም ሳይወጣ መቅረት አለበት። የእጅ ጥልፍ ቢሆን ግን በላይ ያየኸው ቀለም በሥርም ይወጣ ነበር።»

«የእጅ ከሆነ ጀርባው ቀይና ወርቃማ ይሆናል?»

«ክሩ ቀይና ወርቃማ ከሆነ፣ አዎ። ጥሩ እጅ ከሆነ ደግሞ ቋጠሮው አይታይም።»

ሽብሩ እጁን ታጠበ። ፕላስተሩ ትዝ አለው። በመኪና የሚጠልፍ ሰው ጣቱን መርፌ አይበላውም። ለሚስቱ ነገሩን ሁሉ ነግሯት፣ ደላላው ጋ ደውላ ዛሬውኑ መጥቼ ልሞክረው እንድትል ጠየቃት። ትጊ ጨርቁን አጣጠፈችው። ሰባት ዓመት የተመኘችው ነገር የተሰረቀ ዕቃ ሆኖ ሲገኝ ማዘኗ ፊቷ ላይ ታየ። ከዚያ ስልኳን አነሳች።

እትዬ ቆንጅት ሱቃቸው ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። ሽብሩ ናሙናውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ቀሚሱንም አስወጥቶ ገለበጠው። ሁለቱን ጀርባዎች ጎን ለጎን አስቀመጠ። አንደኛው ነጭ ነው፤ ሌላው ቀይና ወርቃማ፣ እንደ ላዩ የጠራ።

«እትዬ ቆንጅት፣ ይህን ቀሚስ መኪና አልጠለፈውም።»

ሴትዮዋ ጀርባውን አዩት። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ። መኪናው ሐሙስ ዕለት ቀጥ ብሎ ቆመ አሉት። ተበላሸ ብዬ ለሲሞን ልንገረው? አገር እንዲስቅብኝ? መሸፈኛውን በእጄ አጥፌ፣ ሰው ሳያይ ሐዋሳ ለጥገና ላኩት። ወስዶ ያሠራው ሰው እሁድ አመሻሽ መልሼ አስቀምጬዋለሁ ብሏቸዋል፤ ስለዚህ ማታውን ሌባ ገባ ብለው ከልባቸው አምነዋል። የዋሹት ቅዳሜን ብቻ ነው።

«ቀሚሱስ?»

«ማርቲ ናት። ጥሎሹ ደረሰ። ከዓርብ እስከ እሁድ በእጇ ጨረሰችው። እሁድ በሻንጣው ቤቷ የወሰደችው እሱን ነው፤ ማታውን ጨርሳ ሰኞ ማለዳ አመጣችልኝ። ለማንም አልናገርም ብላ ቃል ገብታልኛለች።»

ሽብሩ ተናደደ፤ ትልቅ ሰው ፊት መሆኑን ባያስብ ይጮህ ነበር። ልጅቷ የእርስዎን ኩራት ይዛ እስር ቤት ተቀምጣለች፤ ከተማው ሌባ ብሏታል፤ እርስዎ ግን ሁለት ቀን ዝም አሉ አላቸው። እትዬ ቆንጅት አላስተባበሉም። ሌባው ዛሬ ይያዛል፣ ዛሬ ይያዛል እያልኩ ነው አሉ፤ እንባቸውንም በነጠላቸው ጠረጉ። መኪናውን ማን እንደወሰደው ሲጠይቃቸው ግን እንደገና ቀና አሉ።

«የሥጋ ዘመዴ ነው። መልሻለሁ ብሎኛል፣ አምኜዋለሁ። ስሙን በሌብነት ከአፌ አታወጣውም። የማርቲን ነገር ግን አሁኑኑ ጣቢያ ውሰደኝና በፊርማዬ ልናገር።»

ማርቲ ያኔውኑ ተለቀቀች። ከጣቢያ ወጥታ በገበያው በኩል ስታልፍ ግን ሰዎች ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው ሲያስጠጉ አየች። የጣቢያ በር በፊርማ ይከፈታል፤ የሰው አፍ በምን ይዘጋል?

ሽብሩና ትጊ ፍስሐ ገነት ሲደርሱ አሥር ሰዓት አልፎ ነበር። ደላላው በአንድ የቡና መጋዘን ጀርባ ወዳለች ኪራይ ክፍል ወሰዳቸው። ሽብሩ በተራ ልብስ ነው፤ ባሏ ነኝ አለ፤ መቼም አልዋሸም። ባለቤቱ እየመጣ ስለሆነ እስከዚያ ሞክሪው አላት ደላላው።

ትጊ የራሷን ጨርቅ፣ የራሷን ክር አወጣች። ለወጥመድ እንደመጣች ረሳችው መሰል። መርፌውን ለወጠች፤ ድምፁን ጆሮዋን አስጠግታ ሰማች፤ አንድ ጊዜ አስጠልፋ ገለበጠች፣ አልወደደችውም፤ የክሩን ውጥረት አላልታ ደገመች፣ ገለበጠች። ደላላው ተሰላችቶ ሰዓቱን ሲያይ እሷ ግድም አልሰጣት። ሽብሩ ከበሩ ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያያታል። አሥራ ሁለት ዓመት አብሯት ሲኖር ይህን ያህል አዋቂ መሆኗን አለማወቁ አሳፈረው፤ ግን ከእፍረቱ ይልቅ ኩራቱ በለጠ።

የቁልፍ ድምፅ ተሰማ። አንድ ወጣት እየሳቀ ገባ።

«እህቴ፣ አትጠራጠሪ፤ ወርቅ የሆነ መኪና ነው። ችግር የለበትም።»

«ሐሙስስ ለምን ቆመ?» አለ ሽብሩ ከበሩ ጀርባ።

ሙሌ ዞረ። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

ብዙ አላስቸገረም፤ ሁሉንም ተናገረ። ሐዋሳ ያለው ጠጋኝ የላላች አንዲት ሽቦ አጥብቆ በአንድ ሰዓት ውስጥ አስነሳው። መኪናው ሲነሳ የሙሌ ልብም አብሮ ተነሳ። ዓርብ ለደላላው አስረከበው፤ ደላላው ሌላ ንድፍ መጫን ስለማይችል በመኪናው ሆድ የነበረውን አስጠልፎ ለናሙና ያዘ። ሙሌ ቅዳሜ ሰርጉን አጀበ፤ እሁድ አመሻሽ፣ መኪናውን መልሶ እንዲያስገባበት የሰጡትን ቁልፍ ለአክስቱ አስረክቦ፣ መኪናውን አስቀምጬዋለሁ አላቸው።

«አክስቴ መኪናዬ ተበላሸ ከምትል ምላሷን ብትቆርጥ ይሻላታል» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ሰጥቼው ነበር ብላ ለፖሊስ እንደማትናገር አውቃለሁ። ማርቲ ላይ ይዞራል ብዬ ግን አላሰብኩም።»

«አስበሃል» አለች ትጊ፣ መርፌውን እየፈታች። «ቁልፍ ያላት እሷ ብቻ ናት ብለህ የነገርከው አንተ ነህ።»

ሙሌ ሽብሩን ተከትሎ ወጣ።

ሐሙስ የፍሬ ቤት ጥሎሽ ሞልቶ ነበር። ሽብሩና ትጊ ተጠርተዋል፤ ሀዲጃም አለች፤ ሲሞንም ያቺኑ ጫማውን አጥቦ መጥቷል። ማርቲ በግድ ተጎትታ መጥታ በሩ አጠገብ ቆማለች፤ አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ ነው፣ የሚቀመጥበት አልተገኘም። ሚዜው ልብሱን አንድ በአንድ ከሳጥን እያወጣ ለቤተ ዘመድ ያሳያል። ነጩን ቀሚስ ከፍ ሲያደርገው ቤቱ በአድናቆት ተንጫጫ። አቤት የእትዬ ቆንጅት መኪና፣ እንኳን ተገኘ አሉ ሴቶቹ።

እትዬ ቆንጅት ከተቀመጡበት ተነሱ።

«ገልብጠው» አሉት ሚዜውን።

ሚዜው ግራ ገባው። ጥሎሽ ላይ ልብስ ገልብጦ ማሳየት ያልታየ ነገር ነው። ሁለተኛ ሲያዙት ገለበጠው። ቀይና ወርቃማው የቡና ፍሬ በጀርባውም እንደ ፊቱ ቁልጭ አለ፤ አንድ ቋጠሮ የለም።

«ሁላችሁም ስሙኝ» አሉ። «መኪናዬ ተበላሽቶብኝ ነበር። ሳልሞክር የገዛሁት ራሴ ነኝ፤ ሲበላሽም አፍሬ ደበቅሁ። ይህን ቀሚስ መኪና አልነካውም። የማርቲ እጅ ነው፤ በሦስት ቀን። የኔን ነውር ልትሸፍን ብላ ስሟን ሰጠች። ሠላሳ አራት ዓመት ሰፍቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ጀርባ ግን ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።»

መጀመሪያ የተነሳችው ሀዲጃ ናት። ቀሚሱን በጣቷ ዳሰሰች፤ ከዚያ ወደ በሩ ሄዳ ማርቲ አጠገብ ያለው ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጠች። የፍሬ እናት እልልታውን ጀመሩት፤ ሌላው ተቀበለ። ማርቲ ጣቢያ ያላለቀሰችውን እዚህ አለቀሰች፤ እትዬ ቆንጅት ፕላስተር ያለበትን እጇን ይዘው ከዘመድ መሐል አስቀመጧት።

ትጊ ወደ ሽብሩ ጆሮ ጠጋ አለች። እትዬ ቆንጅት መኪናውን ለእሷ ሊሸጡላት ፈልገዋል፤ ማርቲ እያለች መኪና ምን ይሠራልኛል ብለዋል።

«ልግዛው?» አለችው።

ሽብሩ በዚህ ጊዜ ነገ አላለም።

«የሞከርሽው አንቺ ነሽ፤ ምን አለሽ?»

«ደህና መኪና ነው» አለች ትጊ። «እገዛዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ማርቲ ጋ ሄጄ እጅ ሥራ እማራለሁ።»

ሚዜው ቀሚሱን መልሶ ሊገለብጠው ሲል የፍሬ እናት እጁን ያዙት። ተወው፣ እንዲሁ ይሁን አሉ። ቀሚሱ እንደተገለበጠ ታጥፎ ሳጥን ውስጥ ገባ።